ከአንሶላ ጀርባ ያለ ባሕር

ሠላሳ ዓመት አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት፣ ልረፍ ብላ ድንበር ተሻግራ ሄዳ፣ በመጀመሪያው ጠዋት መስኮቷን ብትከፍት ያገኘችው አንሶላ ነበር። ከሥር ባለው ግቢ፣ በአምስት ረድፍ ገመድ ላይ የተሰጣ፣ ነጭና እርጥብ አንሶላ።

ባሏ ከኋላዋ መጥቶ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ።

«ባሕሩስ?» አላት።

«ከአንሶላው ጀርባ።»

«አይታይማ።»

«ሲደርቅ ይታይሃል።»

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሹፌሩ ይለዋል፤ እሷም ስትናደድበት ሹፌሩ ትለዋለች፣ ስትወደውም ሹፌሩ ትለዋለች፣ ልዩነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እሱ ግን አንድም ቀን አይቶት የማያውቀውን ባሕር ዕድሜውን ሁሉ ሲናፍቅ ነው የኖረው። ከመሪው በላይ፣ ሌላው የልጆቹን ፎቶ በሚለጥፍበት ቦታ፣ እሱ ከአሮጌ መጽሔት የቀደደውን የጀልባ ሥዕል ለጥፎ ነበር። ሥዕሉ ፀሐይ በልቶት ጀልባው ከውሃው እስከማይለይ ድረስ አብሮት ሠራ።

እሷ ደግሞ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ካውያ ይዛ ጀመረች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቆጣሪ አደረጓት። ወደ ሕሙማን ክፍሎች የሚወጣውን ንጹሕ አንሶላ፣ ከዚያ የሚመለሰውን ቆሻሻ አንሶላ እየቆጠረች መዝገብ ላይ ታሰፍር ነበር። ቆጣሪ ከሆነችም በኋላ የሰዉ አፍ ላይ የቀረው የድሮ ስሟ ነው፤ ተኳሿ።

እሷም ጡረታ ስትወጣ ሦስቱ ልጆቻቸው ተመካክረው የአንድ ሳምንት የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ሰጧቸው። ትልቋ ልጅ የሆቴሉን ፎቶ ከስልኳ ላይ አሳየቻቸው። ውሃው ከበረንዳው ሥር የሚጀምር ይመስል ነበር። ለአባቷም ነጭ ባርኔጣ፣ የመርከብ ሰው የሚያደርገውን ዓይነት፣ ገዛችለት። ፎቶው የተነሳው ከጣሪያው ላይ እንደሆነ ማን ልብ ይላል? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው።

ባሕሩስ አልጠፋም፤ በእግር ሰባት ደቂቃ ያህል ይርቃል። ሹፌሩ ግን ሲለካው ሁለት ፌርማታ ነው አለ። ሲደርሱ ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ከዳር ዳር የበሰበሰ ሣር የመሰለ ነገር ተከምሮበት አገኙት። ጠረኑ ውሃው ሳይቀየር የሰነበተ የአበባ ማስቀመጫ ነው። ነፋሱ አሸዋ እያነሳ ዓይን ውስጥ ይበትናል። እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቅለዋል፤ ከጨርቁ ሥር ፊሽካ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ቁጭ ብሎ እግሩን ወደ ውሃው የሚሰድ ሰው ሲያይ ይነፋል። ባልና ሚስቱ ካፖርታቸውን ደርበው ጎን ለጎን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሹፌሩ ውሃውን አይቶ አይቶ፣ «ታዲያ ይሄ መቼ ነው የሚነሳው?» አለ፤ ተርሚናል የቆመ አውቶቡስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው። እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አንድ ተስፋ ቀርቶታል። በጀልባ ወደ ደሴቷ ደርሶ መልስ የሚባል ጉዞ አለ፤ ዋጋው ከሳምንቱ ጋር አብሮ የተከፈለ ነው። ሹፌሩ በየማለዳው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እንግዳ መቀበያው ጋ ይወርዳል። ሰሌዳው ላይ ጀልባ ተሥሎ በላዩ ላይ ሰረዝ ተደርጎበታል፤ በነፋሱ ምክንያት ዛሬም የለም ማለት ነው። ባርኔጣውን ይዞ ይመለሳል። እሷ ፊቱን አይታ አትጠይቀውም።

ሌላው ችግር አልጋው ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ሹፌሩ ጀርባውን ሲያክ አደረ። ተኳሿ በማግስቱ የአንሶላውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ መሃል አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ሳሙናው አልለቀቀም» አለች። «ሁለት ውሃ ነው ያሳዩት። ሦስተኛ ይፈልግ ነበር።» ባሏ ጡረታ ወጥተሻል ቢላትም አልተወችውም። አንሶላውን ገፍፋ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ ሦስት ውሃ አለቀለቀችው፣ በረንዳው ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ በእጇ እየወጠረችና እየዳበሰች አነጠፈችው፤ ጥግ ጥጉን እንደ ፖስታ አጥፋ ከፍራሹ ሥር ሰገሰገችው። ዝንብ ቢያርፍበት የሚያዳልጠው አልጋ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንቅልፏ በተነሳች ቁጥር እግሯ ወለል ሲነካ እጇ አልጋ ላይ ነው። ሥራ የለመደ እጅ ዕረፍት አይገባውም።

ክፍሉን የምታጸዳዋን ልጅ ያገኟት በዚሁ ቀን ነው። ሹፌሩ ኮሪደሩ ረዝሞበት፣ «ይሄ ቤት መሃል ላይ ማውረጃ የለውም እንዴ?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ የተቆለለ ፎጣ ጭና ጋሪ የምትገፋ ወጣት ሳቋ አመለጣት። ለካ የአገራቸው ልጅ ናት። ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጅ አላት፤ ከእናቷ ጋር ትታት የመጣች፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የገባች። ይህን ሁሉ የነገረቻቸው ፎጣ እያጣጠፈች ነው፤ ለወሬ የምትቆምበት ጊዜ የላትም። በቀን አሥራ ስድስት ክፍል ይጠብቃታል። ተኳሿ የልጅቷን ወሬ ብትሰማም ዓይኗ የነበረው ጉልበቷ ላይ ነው። ሁለቱም ጉልበቷ በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ስትጎነበስ ጋሪውን ትደገፋለች።

«የኛን አልጋ ተዪው» አለቻት ተኳሿ። «እኔ አነጥፈዋለሁ።»

«አይሆንም እማማ። እርስዎ እንግዳ ነዎት። ሕጉ ደግሞ በየቀኑ ይቀየር ነው የሚለው።»

«ሕጉ ለሚያቆሽሽ ነው። ነይና እዪው።»

ልጅቷ ገብታ አየች። አልጋውን ዳሰሰችው፣ ጥጉን አነሳ አድርጋ መልሳ አስገባችው። «ሰው ያልተኛበት ነው የሚመስለው» አለች። ከዚያ ወለሉን ጠርጋ፣ ፎጣ ቀይራ፣ አልጋውን እንዳለ ትታ ወጣች። በነጋታውም እንደዚያው፣ ከነጋታውም እንደዚያው። ተኳሿ ከዚያ ሳምንት ውስጥ ደስ ያላት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር። ባሕሩ ባይሆንላት፣ ለአንዲት የሰው ልጅ ጉልበት በቀን አንድ ጉንበሳ ቀነሰች።

በስድስተኛው ቀን ነፋሱ ቆመ። ሹፌሩ ከታች ሲመለስ ባርኔጣው እጁ ላይ አልነበረም፤ ራሱ ላይ ነበር። ሰረዙ ተነስቷል። ጀልባው በአራት ሰዓት ይነሳል፣ አሁን ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ወደቡ ድረስ ደግሞ አራት ፌርማታ ነው፤ ስለዚህ ጫማሽን አድርጊ አላት። እንደ ሙሽራ አንዴ መስታወት አንዴ መስኮት እያየ ሲቁነጠነጥ ሳቋ መጣ። ክፍሉን ቆልፈው ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሪውን የምትገፋው ሌላ ሴት ናት። የአገራቸው ልጅ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ቁም ሳጥን አጠገብ፣ ሽርጧን አውልቃ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ፊቷ ግን ከአንሶላው ይነጣል።

ተኳሿ ምን ሆነሽ አለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ምንም አለች። ኋላ ግን፣ ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ ሲንጎራደድ፣ በአጭር በአጭሩ ነገረቻት። በየጠዋቱ ለአሥራ ስድስቱም ክፍል የሚሆን ንጹሕ አንሶላ ተቆጥሮ ይሰጣታል፤ ማታ ያንኑ ያህል ቆሻሻ ቆጥራ ታስረክባለች። የእነ ተኳሿን አልጋ ሳትቀይር ስትቀር በቀን ሁለት ንጹሕ አንሶላ እጇ ላይ ይቀራል። ልመልስ ብትል ክፍሉን አልሠራሽም ልትባል ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ተቀይሯል እያለች ጻፈች፣ ንጹሑን እዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ ከመጥረጊያው ጀርባ ደረደረች፤ ታች ስታስረክብ ደግሞ ቁጥሩን ለማሟላት ከሌላ ፎቅ የወደቀ ቆሻሻ አንሶላ እየለቀመች ጨመረች። ትናንት ማታ አልሞላላትም። ተቆጣጣሪዋ ፈትሻ አሥር አንሶላ አገኘች። ልትሰርቂ ነው ያስቀመጥሽው አለቻት። አሁን ጽሕፈት ቤት ልትጠራት ነው፤ ከተባረረች የመኖሪያ ወረቀቷም ከሥራው ጋር አብሮ ነው የሚሄደው።

«በኛ አልጋ ነው?» አለች ተኳሿ።

«በእርስዎ ነው እማማ።»

 ተኳሿን ያስደነገጣት የልጅቷ ነገር ብቻ አይደለም።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ አንሶላ ወደ ሕፃናት ክፍል የምታመላልስ ቀጭን ሴት ነበረች፤ ቀጭኗ ነበር የሚሏት። ቀጭኗ ሳምንቱን ሙሉ በቀን ሁለት ሁለት አንሶላ ታጎድል ጀመር። ተኳሿ አዲስ ቆጣሪ ናት፤ አንድም ሳይጎድል ማስረከብ ክብሯ ነው። ጠየቀቻት፤ ቀጭኗ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። ተኳሿ መዝገቧን ይዛ ለአለቃ ነገረች። ቀጭኗን ሠራተኛው ሁሉ በሚወጣበት ሰዓት በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዋን ገልብጦ ፈተሻት። ከቦርሳዋ የወጣው ማበጠሪያና ግማሽ ዳቦ ነው። ቢሆንም ተባረረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አመላላሽ ጠፍቶ ተኳሿ ራሷ አንሶላ ይዛ ወደ ሕፃናት ክፍል ወጣች። እዚያ አንዲት እናት በመታጠቢያው ጥግ ተደብቃ አንሶላ ስታጥብ አገኘቻት። ልጇ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሽንቱ ያመልጠዋል፤ ሌሎቹ ልጆች እንዳይስቁበት እያጠበች፣ ንጹሑንም ፍራሹ እንዳይርስ ከሥር እየደራረበች ነው። «ያቺ ቀጭን እህት ታውቃለች» አለች እናትየው። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ ብያት፣ እሺ ብላኛለች።»

ተኳሿ ወረደች፤ የድሮ ካውያዋን ይዛ እስከ ማታ ተኮሰች። ለአለቃ አልተናገረችም። ለሹፌሩም አልተናገረችም። ዛሬ ነገ ስትል ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

አሁን ባሏ ከደረጃው አፍ ጠራት። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው።

«አንተ ሂድ» አለችው።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እዚሁ ነኝ። ይቺን ልጅ እኔ ነኝ ያሳሳትኳት፤ ሄጄ መናገር አለብኝ።»

ሹፌሩ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ልጅቷን፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ። የሰው አገር መሆኑን፣ ነገሩ እንደማይመለከታቸው፣ ከጀልባው መልስ ቢነገርም ያው እንደሆነ ዘረዘረ። እሷ ዝም አለች። የእሷን ዝምታ ያውቀዋል፤ ዝም ስትል የተተኮሰ ነገር ነች፣ አትጨማደድም። ባርኔጣውን አስተካክሎ ወረደ፤ ደህና ሁኚም አላላት።

ጽሕፈት ቤቱ ምድር ቤት፣ ከእጥበት ክፍሉ አጠገብ ነው። የሳሙናው ሽታና የእንፋሎቱ ሙቀት ተኳሿን ቤቷ የገባች አስመሰላት። ጠረጴዛው ላይ አሥሩ አንሶላዎች ተደርድረዋል፤ ከአጠገባቸው መዝገብ። ከጠረጴዛው ጀርባ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ የታጠቀች ሴት ተቀምጣለች። ክፉ ሴት አትመስልም፤ ቁጥር የጎደለባት ሴት ነው የምትመስለው። ተኳሿ ያንን ፊት በደንብ ታውቀዋለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መስታወት ውስጥ ስታየው የኖረችው ነው።

ተናገረች፤ ልጅቷ አስተረጎመች። አልጋውን በየቀኑ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፣ አትንኪው ያልኳትም እኔ ነኝ አለች። ተቆጣጣሪዋ በትዕግሥት ሰምታ እጇን አነሳች፤ በፊቷ ያለችው አስተርጓሚ ራሷ ተከሳሿ ናት፤ የሚበጃትን ብትናገር ማን ያውቅባታል? ደግሞ እንግዳ ለአገሩ ልጅ ቢያዝን ያለ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው ጥፋቱን ለሌላ የሚያሸክም ሞልቷል፤ ጥፋቱን ወደራሱ የሚስብ ሰው ግን ይባስ ያጠራጥራል።

ተኳሿ ይህ ሲተረጎምላት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ከአሥሩ አንሶላ ሁለቱን አንስታ በብብቷ ሸጎጠችና ተቆጣጣሪዋን ነይ አለቻት፣ በእጇ። ሦስቱም ደረጃውን ወጡ። ክፍሉን ከፍታ አልጋውን ገፈፈች፣ ባዶ ፍራሽ እስኪቀር። ከዚያ አንሶላውን በአየር ላይ አንድ ጊዜ አራገፈችው፤ መሃሉ መሃል ላይ አረፈ። ወጠረች፣ ዳበሰች፣ ጥጉን እንደ ፖስታ አጠፈች፣ ሰገሰገች። ዙሪያውን አንዴ ዞረች፤ ሁለተኛ መዞር አላስፈለጋትም። 

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አደረገች። ጎንበስ ብላ ጥጉን አነሳች። ከዚያ ቀና ስትል የተኳሿን አንጓ አየች፤ ካውያ ከሚያርፍበት በኩል፣ ከእጅጌዋ ሥር፣ አሮጌ የእሳት ጠባሳ እንደ መስመር ተጋድሟል። አንድ ነገር ተናገረች።

«የሙያው ሰው ነዎት አለች» አለች ልጅቷ።

«ሌባ አይደለችም በያት።»

ልጅቷ ይህን መተርጎም አቃታት። ለራሷ እንዴት ትበለው? ተኳሿ ወደ ልጅቷ እያመለከተች ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፣ ደጋግማ፣ ተቆጣጣሪዋ በቃ እስክትል ድረስ።

ፍርዱ ኮሪደሩ ላይ ተሰጠ። አልሰረቀችም፤ ግን ያልሠራችውን ሠራሁ ብላ ጽፋለች። ስለዚህ አትባረርም፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ትቆጠራለች፣ አንድ እንኳ ቢጎድል ያኔ ምሕረት የለም። ተቆጣጣሪዋ ቁልፎቿን እያንቀጫቀጨች ወረደች።

ተኳሿ ልጅቷ የምታመሰግናት መስሏት ነበር። ልጅቷ ግን ሽርጧን መልሳ እየታጠቀች ፊቷን አዞረች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለደግነት ነው ያደረጉት፤ ይገባኛል። ግን እኔ ሥራዬ እንዲቀልልኝ ሳይሆን እንዲኖረኝ ነው የምፈልገው። ነገ ሲሄዱ አልጋውን እንዳያነጥፉት።»

«አላነጥፈውም ልጄ።»

«ይማሉልኝ።»

ማለችላት።

ሹፌሩ ከምሳ በፊት መጣ። ባርኔጣው እጁ ላይ ነው። ደሴቷስ አለችው።

«አልሄድኩም። እስከ ወደቡ ደርሼ ቆሜ አየሁት። ነጂው አንዲት ሴት እየሮጠች ስትመጣ እያየ ጥሏት ሄደ።» ሰዓቱን አየ። «ጥሩ ሹፌር ነው። በሰዓቱ ነው የተነሳው።»

ከሰዓት በኋላ ያንኑ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ተመልሷል፤ ቀዩ ጨርቅ ይራገባል። እዚያ ነው ስለ ቀጭኗ የነገረችው፤ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ማበጠሪያውና ስለ ግማሹ ዳቦ፣ ስለ ልጁ አንሶላ። ፊቱን አላየችም፤ ውሃውን እያየች ነው የተናገረችው። ስትጨርስ ባሏ ቀጭኗን አወቃት። ቀጭኗ በአውቶቡሱ ትሄድ እንደነበር ያስታውሳል፤ ሁልጊዜ ከኋላው ቆማ፣ ባዶ ወንበር እያለ የማትቀመጥ ሴት። ድንገት ቀረች። ሰፈር ቀየረች ብሎ ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ» አለ በመጨረሻ፣ ነገሩንም አልጨረሰው።

በነጋታው ጠዋት ሻንጣቸውን ዘግተው ሲያበቁ ተኳሿ አልጋው ፊት ቆመች። እጇ ሳታዘው ተነሳ፤ መልሳ ወደ ጎኗ አወረደችው። አንሶላው ገና የተኙበት ነው፤ ለእሷ ግን ንጹሕ መሰላት፤ ማንም ተኝተውበታል ብሎ የሚያምን አልመሰላትም። የአንዱን ጥግ ይዛ ጎተተችው። ትራሱን ወለል ላይ ጣለች። አሁንም የተስተካከለ መሰላት።

«አልሆነም?» አለች።

ሹፌሩ አየው። «ይሄማ የሰነፍ ሚስት አልጋ እንኳ አይሆንም» አለና ከነጫማው ወጥቶ ተንከባለለበት፤ የስድሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ፣ ከነካፖርቱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ በወደቀች። አሁን ግን ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችው። ከዚያ አንሶላዎቹን ገፍፋ በሩ አጠገብ ከመረቻቸው፤ ሁለት አንሶላ፣ ሁለት የትራስ ልብስ፣ ቆጠረቻቸው፣ ደግማ ቆጠረቻቸው።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ግቢው ታየ፤ ገመዶቹ ሞልተዋል፤ በመሃላቸው አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር፣ ከጣት የማይበልጥ፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሹፌሩ አላየውም። እንደ ልማዱ ከፊት ያለውን መንገድ እያየ በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ይጫናል።

«እቤት ስንገባ» አለችው፣ «ቀጭኗን እፈልጋታለሁ።»

«የት ብለሽ? ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው።»

«ከዘበኛው እጀምራለሁ። የፈተሻት እሱ ነው፤ ፊቷን አይረሳም።»

ሹፌሩ እግሩን ከወለሉ አነሳ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«በሰባት ቁጥር አውቶቡሴ ነበር የምትሳፈረው» አለ። «የምትወርድበትን ፌርማታ አውቀዋለሁ።»